እግር የሚሰማው መንገዱን ነው

መኪና መንዳት አስተምራለሁ። የሥራ ቦታዬ ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ነው። ከእግሬ ሥር ትርፍ ፍሬን አለኝ፤ ሌላው ሁሉ የተለማማጁ ነው። የመንዳት አስተማሪ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ሲያይ የሚውል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ቁልቁል ማየት አበዛለሁ፤ የተለማማጁን ቀኝ እግር።

ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስንወጣ፣ ማንም ሳያዘው እግሩ ነዳጅ ይሰጣል። ዳር ላይ 30 የሚል ምልክት ተተክሏል። አላየውም እንዳልል አይቶታል። ስጠይቀው "30 ነው ጋሼ" ይለኛል። መለኪያው ግን 50 ያሳያል። ከዚያ ወጥተን ጠበብ ወዳለ፣ ዛፍ ወዳለበት፣ መኪኖች ግራና ቀኝ ወደቆሙበት ሰፈር ስንታጠፍ አፌን ሳልከፍት እግሩ ይነሳል። ያው ልጅ ነው፤ መኪናውም ያው፤ ምልክቱም ያው 30።

ምክር እሰጣለሁ፣ እቆጣለሁ፣ የቅጣቱን ዓይነት እዘረዝራለሁ። ሁሉም ይጠቅማል። ግን ምልክቱ 30 እያለ መንገዱ "ሂድ፣ ምን አለብህ" ካለ የኔ ልፍለፋ ውኃ አያነሳም።

"20 ኪሎ ሜትር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?" ይሉኛል። እስቲ እናስላው። በ50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰው ከቆመ መኪና ጀርባ ብቅ ቢል፣ ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ መሄዱ አይቀርም። 14 ሜትሩ ያለ ፍሬን አለቀ ማለት ነው። በ30 የሚሄደው በዚያችው ሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ ሌላ 5 ሜትር ያህል ሄዶ ቀጥ ይላል። በድምሩ 13 ሜትር። እግረኛው 14 ሜትር ላይ ከነበረ አንዱ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ቆሞለታል። ሌላው ገና ፍሬን መንካቱ ነው፤ በሙሉ ፍጥነቱ ይመታዋል። ይህን በወረቀት ሳሳያቸው ዝም ይላሉ። ሰፊው መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን እግር ያው እግር ነው።

ስለዚህ መንገድ የሚነድፉ ሰዎች ከኔ የበለጠ ያስተምራሉ ባይ ነኝ። ስዊድን ይህን በፓርላማ ደረጃ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። "ቪዥን ዜሮ" ይባላል። ሰው ይሳሳታል፣ የሰው ገላ ደግሞ የሚችለው ምት ልክ አለው፤ ስለዚህ ስህተቱ ሕይወት እንዳያስከፍል መንገድ የሚሠራውም ኃላፊነት አለበት ይላል። ሆላንዶች ጉዳዩን የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገራቸው ውስጥ በዓመት ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞት ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት ልጆች ነበሩ። ወላጆች ሆ ብለው መንገድ ዘጉ። ዛሬ ሁሉም የሚያደንቀው የብስክሌት መንገዳቸው ከዚያ ቁጣና ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የመጣ እንጂ ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። ሄልሲንኪ ደግሞ በ2019 አንድም እግረኛ በመኪና አደጋ አልሞተባትም። በብዙ መንገዶቿ ፍጥነቱን ወደ 30 አውርዳ፣ መንገዶቹንም እንዲሁ አስተካክላ ነው።

አሁን ወደ ቀኝ መታጠፊያ ልሂድ፤ ትርፉን ፍሬን አብዝቼ የምረግጠው እዚያ ነው።

በቀኝ በሚነዳበት መንገድ ላይ ተለማማጅ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ወዴት ያያል? ወደ ግራ። መኪና የሚመጣበት ከግራ ነዋ! ከቀኙ በእግርም በብስክሌትም የሚመጣውን ሰው አያየውም። ክፋት የለበትም፤ ዓይን የሚፈልገው የሚያስፈራውን ነው፤ መኪና ደግሞ ያስፈራል። "ወደ ቀኝም እይ" ብዬ ስንቱን ወተወትኩ። ግን የማዕዘኑ አሠራር ከኔ ውትወታ በላይ ነው። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በሰፊው ተጠማዞ ከተሠራ ሾፌሩ ሳይቀንስ ሸርተት ብሎ ያልፋል፤ አንገቱንም አያዞርም። ማዕዘኑ ጠበብ ካለ ግን መቀነስ ግድ ይሆንበታል፤ ሲቀንስ ዙሪያውን ለማየት ጊዜ ያገኛል። እግረኛውም የሚያቋርጠው ያጥርለታል።

አንድ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ ወዳጄ "ታዲያ እኛ በየት እንዙር?" ብሎ ተቆጥቶኛል። እውነቱን ነው። ለዚህም መላ አለ። የማዕዘኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ሸካራ ድንጋይ ይነጠፋል። የቤት መኪና ስለሚያንገጫግጨው ይሸሸዋል፤ የአውቶቡስ የኋላ ጎማ ግን ወጥቶበት ያልፋል። ሆላንዶች ይጨምሩበታል፦ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ደሴት ሠርተው ብስክሌተኛው ከመኪናው ቀደም ብሎ እንዲቆም ያደርጋሉ። የብስክሌት ማቋረጫውንም ከመገናኛው አንድ መኪና የሚያህል ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ሾፌሩ መታጠፉን ጨርሶ ነው ብስክሌተኛውን የሚያገኘው። በስፖኪዮ ጥግ መፈለግ ቀረ፤ በፊት መስታወት ያየዋል።

የመጀመሪያውን ትምህርት የምሰጠው በእግር ነው። ተለማማጆቼ ይህን አይወዱትም፤ መሪ ሊጨብጡ ነው የመጡት። እኔ ግን ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ ዜብራ እወስዳቸዋለሁ። የእግረኛ መብራቱን መጥሪያ እንጫናለን፤ እንጠብቃለን፤ አሁንም እንጠብቃለን። አረንጓዴው ሲበራ "በል እንደ አያትህ ተራመድ" እላለሁ። እየሳቀ ይጀምራል። መሀል ሳይደርስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያን ጊዜ ሳቁ ያልቃል። አንዱ ሮጠ። "አያትህ ይሮጣሉ እንዴ?" አልኩት።

እዚህም ሒሳብ አለ። መብራት የሚያሰሉ ሰዎች በብዙ አገር እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይሄዳል ብለው ይነሳሉ። 14 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 12 ሰከንድ አይሞላም። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት ግን ከ17 ሰከንድ በላይ ያስፈልጋቸዋል። የተሰጣቸው ጊዜ ሲያልቅ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይቀራቸዋል፤ አንድ ረድፍ ተኩል መሆኑ ነው። ያ ቦታ ላይ ቆመው ነው መኪናው የሚለቀቀው።

መፍትሔው ደግሞ የሚያስገርም ወጪ የለውም። መሀል ላይ የእግረኛ ማረፊያ ደሴት ቢሠራ ሰውየው አንድ ጊዜ ግማሹን፣ ሌላ ጊዜ ግማሹን ያቋርጣል። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ዜብራው ጋ ወደ አስፋልቱ ወጣ ማድረግም ይቻላል፤ የሚቋረጠው ያጥራል፤ እግረኛውም ከቆመው መኪና ጀርባ ወጥቶ ይታያል። ከሁሉ የምወደው ግን ለእግረኛው ከመኪናው 3 እስከ 7 ሰከንድ ቀድሞ አረንጓዴ መስጠት ነው። ሾፌሩ ሲለቀቅ እግረኛው ቀድሞ ዜብራው ላይ ነው፤ ተለማማጅ እንኳ ያየዋል።

አደባባይን በተመለከተ ሰው ሁሉ ሲያወድሰው እሰማለሁ። ባለ አራት አቅጣጫ ተራ መስቀለኛ ላይ የመኪኖች መስመር የሚነካካበት 32 ነጥብ አለ፤ ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ላይ 8 ብቻ። ከባዱ የጎንዮሽ ግጭትም ይቀንሳል። እንግሊዞች በ1966 "ቅድሚያ አደባባዩ ውስጥ ላለው" የሚለውን ሕግ ካጸደቁ ወዲህ ነገሩ በደንብ መሥራት ጀመረ። ለተለማማጅም ጥሩ ነው፤ ፍጥነቱን የግድ ይቀንሳል።

ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው ግን አደባባይ ፈተና ነው። መስቀለኛ ላይ መኪኖቹ ሲቆሙ በጆሮ ይታወቃል። አደባባይ ላይ ድምፁ አይቆምም፤ የትኛው መኪና ሊወጣ ነው፣ የትኛው ሊዞር ነው፣ በምን ይለያል? በዚሁ ምክንያት ሆላንዳዊው የትራፊክ መሐንዲስ ሃንስ ሞንደርማን ያራመደውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። እሱ መብራትና ምልክት አንሱ፣ ሰው ዓይን ለዓይን ተያይቶ ይተላለፋል ባይ ነበር፤ ድራክተን የምትባለው ከተማ ውስጥ ይህንኑ በተግባር አሳይቷል። ሾፌርን ያነቃል፤ እሱን አልክድም። ዓይን ለዓይን መተያየት የማይችለውስ?

ለዚህ ሰው የተሠራውን ነገር ሾፌሮች ጌጥ ይመስላቸዋል። እግረኛ መንገድ ላይ ያለውን ጎርበጥባጣ ቢጫ ንጣፍ ማለቴ ነው። የጃፓኑ ሴይቺ ሚያኬ የፈጠረው ነው፤ በ1967 ኦካያማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ረዣዥሙ መስመር "ሂድ"፣ ክቡ ነጠብጣብ "ቁም" ነው። ተለማማጆቼ ጫማቸውን አውልቀው እንዲረግጡት አደርጋለሁ። በአጠገባችን የሚያልፍ ሰው አብደዋል እንዴ ብሎ ያየናል። አንዴ በእግራቸው ካነበቡት በኋላ ግን መኪናቸውን እዚያ ላይ አያቆሙም።

ስለ ጉብታ ብዙ አልልም። ሾፌር ጉብታ ላይ ይቀንሳል፤ ከጉብታው ሲወርድ የጠፋበትን ጊዜ ሊያካክስ ይፈተለካል። ቢሠራ እንኳ ግራና ቀኙ ክፍት የሆነው ጠባብ ጉብታ ይሻላል፤ ጎማዎቹ ተራርቀው የተገጠሙለት ሰፊ አምቡላንስ ግራና ቀኝ አልፎት ይሄዳል፣ ጠባቧ መኪና ግን መውጣቷ አይቀርም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። መንገድ ሲታቀድ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው "በሰዓት ስንት መኪና ያሳልፋል?" የሚለው ነው።

መንገድ ሲጠገን ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለመኪናው አቅጣጫ ማስቀየሪያ፣ ቀስት፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ባንዲራ የያዘ ሰው ይዘጋጃል። እግረኛው ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ "የእግረኛ መንገድ ዝግ ነው" የሚል ሰሌዳ ያገኛል። ጋሪ የምትገፋ እናት ወይ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ወይ አስፋልት ላይ ትወርዳለች። ብዙዎቹ ይወርዳሉ፤ ከተለማማጅ ጋር ሆኜ በየጊዜው የማገኛቸው እነሱን ነው። ከመኪናው አንድ ረድፍ ተወስዶ፣ በጠንካራ መከለያ ታጥሮ፣ ለጋሪና ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫና መውረጃ ተሠርቶለት ለእግረኛው ይሰጥ። መኪናው ትንሽ ይጠብቅ፤ እሱ ወንበር አለው።