ቴስተር ብቻ ይዞ ለሚመጣ ባለሙያ የቤታችሁን መብራት አታስነኩ

ምጣድ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ የሚል ከሆነ «የሰፈሩ መብራት ደካማ ነው» ብላችሁ አትለፉት። እውነትም የሰፈሩ ሊሆን ይችላል፤ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ሲጋግር ባሕር ዳር ላይ መብራት ሲወርድ ማንም ያውቀዋል። ግን ደግሞ ኮርኒስ ውስጥ የላላ መጋጠሚያ እየነደደ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው መለኪያ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ባለሙያው መልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጊዜ ቆጣሪው አጠገብ ባለው ብሬከር ላይ፣ አንድ ጊዜ ምጣዱ በሚሰካበት ቦታ ያደርጋል፤ በሁለቱም ቦታ ምጣዱ ጠፍቶም በርቶም ያነባል። ምጣዱ ሲበራ ቆጣሪው ጋ 220 ቮልት የነበረው 190 ከሆነ ችግሩ ከግቢ ውጭ ነው፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ ለግል ባለሙያ የምትከፍሉት ገንዘብም አይፈታውም። ቆጣሪው ጋ 212 ሆኖ ምጣዱ ጋ 195 ከሆነ ግን 17 ቮልት ቤታችሁ ውስጥ እየጠፋ ነው። ምጣዱ በዚያ ሰዓት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ የጠፋው ወደ 270 ዋት ሙቀት ሆኖ ሽቦውና መጋጠሚያው ላይ ይቀራል ማለት ነው። ሙቀቱ በሽቦው ርዝመት ላይ ቢበተን ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። አንድ የላላ ሞርሴቶ (በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛ) ላይ ከተሰበሰበ ግን እሳት ነው። ጉልበት ላይም ቀልድ የለውም፦ 220 ቮልት ላይ 4 ኪሎዋት የሚሰጥ ምጣድ 190 ቮልት ላይ የሚሰጠው 3 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ሊጡ በከንቱ ይወቀሳል።

ስለዚህ ባለሙያ ስትጠሩ በስልክ የምትጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋጋ ስንት ነው?» አይሁን። «ሜገር አለዎት? የኧርዝ መለኪያስ?» በሉ። ሜገር የሽቦው ልባስ መድከም አለመድከሙን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ኧርዝ ደግሞ ከዕቃው ብረት ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ። መብራት የሚያበራ ካቻቪቴ ቴስተር የሚናገረው ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው፤ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ይላላ፣ የሽቦው ልባስ ይድከም፣ ኧርዙ ይሥራ አይሥራ አያሳይም። ያለ መለኪያ የሚሠራ ሰው አምፖሉ ከበራ ሥራው አለቀ ይላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ፈቃድ ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ ለመሥራት የብቃት ማረጋገጫ ሰርተፍኬት ይጠይቃል። ሰርተፍኬቱን ዓይታችሁ ስሙ ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑን፣ ደረጃው ለምታሠሩት ሥራ የሚበቃ መሆኑንና መታደሱን ተመልከቱ። ከፖሊ ቴክኒክ የተመረቀ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣ ልጅ ጥሩ እውቀት ሊኖረው ይችላል፤ ዲፕሎማው ግን ፈቃድ አይደለም። የንግድ ፈቃድም እንዲሁ፤ መነገድ ይችላል ይላል እንጂ መሥራት ይችላል አይልም። ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው ተዋውሎ ሥራውን ብቻውን ለረዳቱ ትቶ እንዳይሄድ፣ ቦርዱን የሚያስረውና የመጨረሻውን ልኬት የሚወስደው ራሱ መሆኑን ከወዲሁ ተነጋገሩ።

የቆጣሪውን ማሸጊያ «እኔ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ» የሚላችሁን አሰናብቱት። ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ንብረት ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእናንተ ነው። ከሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ ፌዝ መስመር) ወደ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት ፌዝ) መቀየርም በማመልከቻ የሚሆን ነገር ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ ልመለስ፤ አብዛኛው የቤት አደጋ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የ4 ኪሎዋት ምጣድ 18 አምፔር ይስባል፣ ያውም ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ሳያርፍ። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ዲቫይደር ላይ መሰካትማ ጨርሶ አይታሰብም። ትክክለኛው አሠራር ከቦርዱ ለብቻው የወጣ ባለ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሶኬት ሳይሆን ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያና በጥሩ ሞርሴቶ የታሰረ ቀጥታ መስመር ነው። ኩሽናው ሰርቪስ ቤት ከሆነና ከቦርዱ 25 ሜትር ከራቀ ባለ 4 ካሬው ሽቦ 4 ቮልት ብቻ ይጥላል፤ ባለ 1.5 ካሬው ወደ 11 ቮልት ይጥልና 200 ዋት ያህል ግድግዳ ውስጥ ያነዳል። ርቀቱ ከ40 ሜትር ካለፈ 6 ካሬ አስገቡ። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚወርድ «ከፍ ባለው እንቀይረው» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ ሽቦውን ሳይቀይር ብሬከሩን ብቻ አሳድጎ ሊሄድ ነውና አስቁሙት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፣ ሽቦውን ነው።

ኧርዝ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርት ዓመታት በተሠሩ ነባር ቤቶች ሁለት ሽቦ ብቻ ማግኘት የተለመደ ነው፦ ፌዝና ኒውትራል። ሶኬቱ በኋላ በዘመናዊ ተቀይሮ የኧርዝ ጆሮ ይታይበታል፤ ከጆሮው ጀርባ ግን ምንም ሽቦ የለም። አንዳንዱ ሠራተኛ ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ኧርዙን እዚያው ሶኬት ውስጥ ከኒውትራል ጋር ያጋጥመዋል። ይህ ገዳይ ሥራ ነው። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ሲበጠስ የፍሪጁ፣ የልብስ ማጠቢያውና የምጣዱ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ባለሙያችሁ አንድ ሁለት ሶኬት ፈትቶ ይህ እንደሌለ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ካለ ከሁሉም በፊት የሚሠራው እሱ ነው።

የውኃ ቧንቧን እንደ ኧርዝ መጠቀምም አይሆንም፤ የዛሬው ቧንቧ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው።

የኧርዝ ዘንግ ሲተከል የባሕር ዳር መሬት ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። ወደ ሐይቁ ዳር አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ርጥብ ስለሆነ አንድ ባለ 1.5 ሜትር በመዳብ የተለበጠ ዘንግ ጥሩ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ጥቁር ድንጋይ ቶሎ በሚገኝበት ሰፈር ግን ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜ የቀረውን በመጋዝ ቆርጦ መሄድ ማታለል ነው። መፍትሔው ረዥም ቦይ ቆፍሮ የመዳብ ሽቦውን አግድም መቅበር፣ ወይም ሁለተኛ ዘንግ ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል አርቆ መትከል ነው። ልኬቱ መቼ እንደተወሰደም ወሳኝ ነው። ነሐሴ ላይ የተለካ ኧርዝ ሁሉ ጥሩ ይመስላል፤ እውነተኛው ቁጥር የሚታየው አፈሩ በሚደርቅበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በክረምት ካስተከላችሁ በበጋ አንድ ጊዜ እንዲለካ በውሉ ውስጥ አስገቡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ኧርዝ ብቻውን አያድንም። 10 ኦም ሬዚስታንስ (ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ) ያለው ደኅና ኧርዝ እንኳ የምጣዱ ብረት ፌዝ ቢነካ የሚያሳልፈው ቢበዛ 22 አምፔር ነው፤ የ25 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ይቆጥረዋል፣ አይወርድም። ብረቱ እንደነዘረ ይቀጥላል። ሰው የሚያተርፈው ኮረንቲ ከመስመሩ ሲያፈስ አውቆ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጠው አርሲዲ ነው። ቦርዱን ስታሳድሱ አርሲዲ የሌለበትን የዋጋ ዝርዝር አትቀበሉ። ከቻላችሁ ለምጣዱና ለቦይለሩ ለየብቻ አርሲዲ ያለው ብሬከር አስገቡ፤ ሸክላው በክረምት ርጥበት ሲጠጣ ትንሽ የኮረንቲ ፍሳሽ ይፈጥርና ሁሉንም መስመር በአንድ አርሲዲ ከያዛችሁ የቤቱ መብራት በሙሉ ይጠፋል። ያን ጊዜ የተሰላቸ ሰው አርሲዲውን ያስነቅላል። አታስነቅሉት፤ እያፈሰሰ ያለው ምጣድ አጠገብ በርጥብ እጅ አክንባሎ የምታነሳው እናታችሁ ወይም እህታችሁ ናት። ምጣዱን አድርቁ፣ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። የአርሲዲውን የሙከራ ቁልፍ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ተጫኑ፤ ካልወረደ ሞቷል።

በስሪ ፌዝ የሚሠሩ፣ የተከራይ ክፍሎች የበዙባቸው ግቢዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። አንዱ ክፍል ምጣድ ሲሰካ የእሱ አምፖል ደብዝዞ የሌላው ክፍል ከወትሮው በላይ ቦግ ካለ፣ ኒውትራል ላልቷል። ይህን ለነገ አታሳድሩት። ኒውትራሉ ጨርሶ ሲለቅ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለው ክፍል ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊደርሰው ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በደቂቃ ይቃጠላሉ። ዋናውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚገኘው ከፖሉ የሚመጣው አሉሚኒየም ከግቢው መዳብ ጋር በናስትሮ ብቻ ተጠምዝዞ በተጋጠመበት ቦታ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች በርጥበት ይበላላሉ፣ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙም ይላላሉ። ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ፣ እሱ ይግባ። መጋጠሚያው ከቆጣሪው ወዲያ ከሆነ ግን ለአገልግሎቱ አመልክቱ። ቦርዱ ውስጥም ቮልቴጅ ከ170 ሲወርድ ወይም ከ250 ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ ማስገባት ተገቢ ነው፤ መልሶ ከማገናኘቱ በፊት ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይስተካከል፣ አለዚያ የፍሪጁ ኮምፕረሰር ይጎዳል።

ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ ወይም አብራችሁ ሂዱ። ገበያው ላይ ከላይ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። ጫፉን በቢላዋ ፋቁት፣ ነጭ ከሆነ ተዉት። ሚዛንም አይዋሽም፦ የ100 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ጥቅል መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ከነልባሱ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ከ2.5 ኪሎ በታች ከሆነ ወይ ቀጥኗል፣ ወይ አጥሯል፣ ወይ መዳብ አይደለም። ካሊፐር ካላችሁ ባለ አንድ ዘንግ 1.5 ካሬ ሽቦ ውፍረቱ 1.4 ሚሊሜትር አካባቢ፣ 2.5 ካሬው 1.8፣ 4 ካሬው 2.25 ነው። ለመብራት 1.5 ካሬ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ከ16 አምፔር ጋር፣ ከቆጣሪ ወደ ቦርድ 10 ካሬ ለመደበኛ ቤት ይበቃል። ቦርዱ ሲገዛ ከሚያስፈልገው አራት ክፍት ቦታ የሚተርፍ ይሁን፤ ነገ ፓምፕ ወይም ቦይለር ይመጣል።

መብረቅን በተመለከተ፦ ክረምት ሲገባ ከጣና ወዲህ የሚመጣው ነጎድጓድ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከባድ ነው። ቦርድ ውስጥ ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገት የሚንረውን ቮልት ወደ ኧርዝ የሚያወርድ መከላከያ) አስገቡ፣ ወደ ኧርዝ የሚሄደው ሽቦው ከግማሽ ሜትር አይብለጥ፤ ተጠማዝዞ የረዘመ ሽቦ ጥቅሙን ያጠፋዋል። ኧርዝ በሌለው ቤት ሰርጅ ፕሮቴክተር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ተገጥሞም ቢሆን ደመናው ሲከብድ ቴሌቪዥኑን ንቀሉ።

የጉድጓድ ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ የራሱ መስመርና 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ይኑረው፤ ውኃ ውስጥ የሚገባው የገመዱ መጋጠሚያ በናስትሮ ሳይሆን በሙጫ ወይም ሲሞቅ በሚጨማደድ ልባስ ይታሸግ። ማንም ገመዱን ከመጎተቱ በፊት ብሬከሩ ይውረድ።

የክፍያ ውል በነጥብ (በእያንዳንዱ አምፖልና ሶኬት ቦታ) ከሆነ አንድ ነጥብ ምን እንደሚያካትት ጻፉት፦ ግድግዳ መቆፈር፣ ኮንዱት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) መቅበር፣ ልስን መመለስ በማን ነው? ገንዘቡን በሦስት ክፈሉት፤ አንዱ ሲጀመር፣ አንዱ ሽቦው ተስቦ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ግን ልኬቱ በወረቀት ተጽፎ ሲሰጣችሁ ብቻ። ወረቀቱ ላይ የእያንዳንዱ መስመር የሜገር ንባብ (በ500 ቮልት ተለክቶ ከ1 ሜጋኦም ማነስ የለበትም፤ አዲስ ሽቦ ከዚያ እጅግ የበለጠ ያሳያል)፣ የኧርዙ ኦምና የአርሲዲው የመቁረጫ ጊዜ ይኑር፤ ጊዜው ከ300 ሚሊሰከንድ ማለፍ የለበትም። ሜገር ከመደረጉ በፊት ቴሌቪዥኑ፣ አምፖሉና ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ይነቀሉ፣ አለዚያ ይበላሻሉ ወይም ንባቡን ያሳስታሉ። ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ የሚቆርጠው ፌዝን መሆኑም ይረጋገጥ፤ ኒውትራልን የሚቆርጥ ከሆነ አምፖል የሚቀይረው ሰው አጥፍቻለሁ ብሎ ፌዝ ይነካል።

ልስን ከመመለሱ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ሜትር ዘርግታችሁ ኮንዱቱ ከወለልና ከማዕዘን ያለው ርቀት ይታይ። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ለመጋረጃ ወይም ለመደርደሪያ ግድግዳ የሚበሳው ሰው ድሪሉን ከማስነሳቱ በፊት ያንን ፎቶ አሳዩት።