ጥቁር ፍርፋሪ

ትናንት ሠርግ ላይ ዲጄ ሆኜ ስሠራ አመሸሁ። ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ባለቤቴ ከአንገቴ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ትለቅም ጀመር። ከጆሮዬ ጀርባም አገኘች። "ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። የሄድፎኑ ስፖንጅ ልባስ ነው። ላብ ሲጠጣ ከርሞ ይኸው ይላጣል።

"ስንተኛህ ነው ግን?" አለች። ቆጠርኩ። አራተኛዬ ነው።

የመጀመሪያውን መርካቶ ነው የገዛሁት። የመረጥኩት በዓይኔ ነው። ብርማ ቀለም፣ ጎላ ያለ፣ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ከሩቅ የሚታይ። ያኔ ሄድፎን ለእኔ የዲጄነት መታወቂያ ነበር። ጆሮዬ ላይ አድርጌ በቅጡ እንኳ አልሞከርኩትም። ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ያውም ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ፣ ማጠፊያው ቀጭ አለ። ያን ምሽት አንዱን ጆሮ በትከሻዬ ደግፌ ጨረስኩ። አንገቴ ለሦስት ቀን አልዞር አለኝ።

ሁለተኛውን "ቤዙ ሌላ ነው" ተብዬ ገዛሁ። እውነትም ሌላ ነበር። ችግሩ፣ አዳራሽ ውስጥ ቤዝ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ወለሉ እግሬ ስር ይርዳል። እኔ የምፈልገው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ጭብጨባውን፣ የከበሮውን ጠርዝ፣ ቀጣዩ ዘፈን የት ላይ እንደሚወድቅ የሚጠቁመኝን። ቺክቺካ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ምቱ ስድስት ስምንተኛ፣ ማለትም በስድስት የሚቆጠር፣ ስለሆነ በአራት የቆጠረ ሰው ጨፋሪውን መሃል መንገድ ላይ ያደናቅፋል። የድሮ የባንድ ዘፈኖች ላይ ከበሮ የሚመታው ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይፈጥናል። በኪቦርድ እንደተሠራ ዘፈን ፍጥነቱን አንዴ አስተካክዬ ልተወው አልችልም። ጣቴ የፍጥነት ማስተካከያው ላይ፣ ጆሮዬ ከበሮው ላይ ሆኖ እስኪገባ ድረስ እከተለዋለሁ። ያ ሁሉ ቤዝ ሲያጉረመርም ከበሮው የታለ?

ሦስተኛውን የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን አመጣልኝ። ዜንሃይዘር ኤችዲ 25። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ መጀመሪያ የብሮድካስት ባለሙያዎች ነበር የሚጠቀሙበት፣ ዲጄዎች በኋላ ነው የወረሱት። ሳጥኑን ስከፍት ደነገጥኩ። መጫወቻ ይመስላል። ክብደቱ 140 ግራም ገደማ ነው፣ አንድ ብርቱካን እንኳ ይበልጠዋል። አንዱ ጆሮ ወደ ኋላ ይዞራል፤ በአንድ ጆሮ አዳራሹን፣ በሌላው የሚቀጥለውን እሰማለሁ። ኬብሉም ስፖንጁም እየተፈታ ይቀየራል። ስድስት ሰዓት ቆሜ ጭንቅላቴ ላይ መኖሩን የረሳሁት ያኔ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ አልገዛም ብዬ ማልኩ።

ከዚያ መነጽር መጣ።

አርባን ሳልፍ ዘፈን የምቀላቅልበት የሚክሰሩ ጽሑፍ ይደበዝዝብኝ ጀመር። ጆሮ ላይ የሚቀመጥ ሄድፎን ደግሞ የመነጽሩን እግር ከጆሮዬ ጋር ያጣብቀዋል። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ጆሮዬ በርበሬ ይመስላል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ጭንቅላቴ ነው የተቀየረው። ስለዚህ አራተኛው ጆሮን ዙሪያውን ከቦ የሚይዝ፣ ለስላሳ ሆነ። በሃያ ዓመቴ "የሽማግሌ" ብዬ የምስቅበት ዓይነት ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ግን አተረፍኩ። የውጭውን ድምፅ በደንብ ስለሚዘጋ ቮልዩሙን ቀነስኩ። ድሮ ሠርግ ባደረ ማግስት ጆሮዬ ጭው ይል ነበር፤ የሥራው አካል ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል ይለካል፤ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይፈቀዳል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። እኔ ስንት 15 ደቂቃ እንደጨረስኩ እንጃ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ጋሼ፣ ለምን ብሉቱዝ አትገዛም? ገመድ የለው፣ ምን የለው" ይለኛል። ብሉቱዝ ይዘገያል። ለስልክ ወሬ ችግር የለውም። በደቂቃ 120 በሚመታ ዘፈን ግን በሁለት ምት መሃል ያለው ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ከዘገየ አበቃ። ነገርኩት። አላመነኝም። እኔም በሱ ዕድሜ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር፤ ብርማውን እገዛ ነበር።

ለአሁኑ ቅያሪ ስፖንጅ አዝዣለሁ፤ ይሄኛው ከፋይ ጨርቅ የለበሰ ነው። ትንሽ ድምፅ ያስገባል፣ ግን ጆሮ አያልብም፣ አይላጥምም። እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ሠርግ አለ።

ጥቁር ካልሲ ቆርጬ አልብሼዋለሁ። አዲሱን ጥንድ ነው የቆረጥኩት። ባለቤቴ ገና አላየችም።