«ይህን ሁሉ በቆሎ ማን ይገዛናል?»

ምዕራብ ጎጃም የተመደብኩት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለሁ ነው። የሥራ መደቤ «የልማት ሠራተኛ» ይባላል። ገበሬው ግን በአጭሩ «ግብርናው» ይለኝ ነበር። «ግብርናው መጣ» ሲባል ልጆች ሮጠው ከበር ይወጣሉ። ሥራዬን እወደው ነበር። ዛሬም እወደዋለሁ።

ጊዜው የፓኬጅ ዘመን ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ምክር አንድ ላይ ለገበሬው ይቀርባሉ። ለአንድ ሄክታር በቆሎ ዳፕና ዩሪያ የሚባሉት ማዳበሪያዎች አንድ አንድ ኩንታል፣ ዘር ደግሞ 25 ኪሎ ይሰጣል። ዘሩ ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች-660 የተባለ የበቆሎ ዝርያ ነው። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። ያንን ማሳ በነሐሴ ያየ ሰው፣ ረሃብ የሚባል ነገር ከዚህ አገር የሚጠፋ ይመስለው ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር።

ከያዝኳቸው ገበሬዎች አንዱን «አያ» እላቸው ነበር። ስድሳ የተጠጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በ1993 ግንቦት ላይ አራት ቃዳ መሬታቸውን በሙሉ በፓኬጁ እንዲሸፍኑ ለመንኳቸው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። ከዚያ በፊት ግማሹ ላይ ጤፍ ነበር የሚዘሩት። ያለፈው ዓመት በቆሏቸው ጥሩ ስለነበር ብዙም አላስቸገሩኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሁሉም ሰው በቆሎ እየዘራ ነው። ይህን ሁሉ ማን ይገዛናል?»

«አያ፣ ምርቱ ይምጣ እንጂ ገዢ አይጠፋም» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት ሳላስብ ነው። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አልመጣልኝም። ዕቅድ ነበረብኝ። በየሳምንቱ የምሞላው ቅጽ የተሳታፊ ገበሬ ብዛት፣ የተሸፈነ ሄክታር፣ የተሰራጨ ማዳበሪያና የሚጠበቅ ምርት የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ዋጋ የሚል ዓምድ አልነበረውም። ቅጹ ያልጠየቀኝን እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

የዘራን ዕለት ትዝ ይለኛል። ከከተማ ያመጣሁት ሲባጎ ላይ በየ30 ሳንቲሜትሩ ቋጠሮ አስሬበታለሁ። መስመር ከመስመር 75 ሳንቲሜትር። አያ በአንድ ጫፍ፣ ትልቁ ልጃቸው በሌላው ጫፍ ገመዱን ወጥረው ይይዛሉ። በየቋጠሮው ሥር ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ የተሰፈረ ዳፕ፣ ትንሽ አፈር፣ ከዚያ ዘር። ባለቤታቸው ቆርኪውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። እየሰፈሩ፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ልክክ አድርገው፣ አንዲት ፍሬ ሳያፈሱ። ማዳበሪያው በዱቤ የመጣ ነው። ዋጋውን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ምሳ ቤታቸው በላሁ። በሽሮ። ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን በልቻለሁ።

ዝናቡ ሳይሰስት ጣለ። ታኅሣሥ 1994 ላይ አያ ሃምሳ ኩንታል ግድም አስገቡ። ጎተራው ሞልቶ የተረፈው ደጅ ተከመረ። ለሪፖርቴ ደስ የሚል ቁጥር ነበር። አለቆቼም ተደሰቱ።

ከዚያ ገበያው ወረደ። ጥር ላይ በእኛ ገበያ አንድ ኩንታል በቆሎ ከ30 ብር በታች ገባ። የአንድ ኩንታል ዳፕ ዕዳ ለመክፈል ብዙ ኩንታል በቆሎ መሸጥ ግድ ሆነ። ይህ የእኛ ወረዳ ችግር ብቻ አልነበረም። ባኮም፣ ሌላውም የበቆሎ አገር እንዲሁ ነበር። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጥሩ ምርት መጥቷል። ገዢው ያው፣ መንገዱ ያው፣ መጋዘኑ ያው ነው። የነጋዴው ገንዘብም ጥቂት ነው። ከምዕራቡ ትርፍ አምራች አገር ወደ ምሥራቁ እህል ወደሚያጥረው ለማጓጓዝ የሚከፈለው ኪራይ፣ ከእህሉ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። አንዳንዱ ገበሬ በቆሎውን ማሳው ላይ ተወው። የማሰባሰቢያው ወጪ እህሉ ከሚያወጣው ዋጋ በለጠበት።

የማዳበሪያ ብድር መክፈያም በዚያው ሰሞን ነው። ገበሬው ሁሉ አንድ ላይ ይሸጣል፤ ዋጋውም የበለጠ ይወርዳል። በዚያ ላይ የልማት ሠራተኛ ሥራ ማስተማር ብቻ አልነበረም። ዕዳ ማስመለስም ነበረበት። ስም ዝርዝሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

የካቲት ላይ ዕዳ አስመላሽ ኮሚቴው አያ ቤት ሲሄድ አብሬ ሄድኩ። የቀበሌው ሰዎች፣ ሁለት ታጣቂና እኔ። ቀነ ገደቡ አልፏል። ካልተከፈለ ጊደሯ ትወሰዳለች ተባለ። አያ ምንም አላሉም። ባለቤታቸው ናቸው ከማጀት ብቅ ያሉት። እጃቸው ሊጥ ነው። ሌሎቹን አላዩም። እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተም ከነሱ ጋር ነህ?»

መልስ አልነበረኝም። ዝርዝሩን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ያን ቀን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ የሦስት ቀን ጊዜ ለመኑ። ተፈቀደላቸው። ከሃያ ኩንታል በላይ በቆሎ በዚያ ዋጋ ሸጠው ዕዳውን ዘጉ። ጊደሯ ተረፈች። ከቀረው ደግሞ ነቀዝ ድርሻውን ወሰደ፤ ቢኤች-660ን በባህላዊ ጎተራ ማቆየት ከባድ ነው። የመሬት ግብርና የልጆች ልብስ በቀረው ተሸፈነ። ለሽያጭ የሚሆን ጤፍ አልነበራቸውም። ጤፉን ያስተውኳቸው እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ በምሥራቅና በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከዳ። በ1995 የእርዳታ ፈላጊው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን አለፈ። የእህል ዋጋ ተተኮሰ። የውጭ እርዳታ እህል በመርከብ መጣ። አያ ጎተራ ውስጥ ግን የሚሸጥ በቆሎ አልነበረም። እህሉ ያለቀው በርካሹ ወር ነው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሳ ስለ ድርቁ ብቻ ያወራል። እኔ ከድርቁ በፊት የነበረውን ያንን ጥር መርሳት አልችልም። በተረፈበት ዓመት የከሰረ ገበሬ፣ በሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ አይገዛም። ሰኔ ላይ ለምዝገባ ስዞር በየደጁ ያገኘሁት መልስ «ይቅርብን» ነበር። ልክ ነበሩ። በዚያ ዓመት ማንንም አልተጫንኩም፤ ዕቅዴም አልሞላም፤ ግምገማ ላይም ቆሜ ተወቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ በቅጹ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ዓምድ እጨምር ጀመር፦ ያለፈው ጥር ዋጋና ገዢው ማን እንደሆነ። አንድ ኃላፊ «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎኛል። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ሥራ እንዳለን አላምንም። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር በበቆሎ መጀመሩን ስሰማ፣ ልቤ ዘለለች። በኋላ ዋና ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ። የበቆሎው ገበሬ አሁንም በአብዛኛው የቅዳሜ ገበያና የአንድ ነጋዴ ሚዛን ነው ያለው።

አሁን የምሠራው ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ነው። አየር የማያስገባው፣ ሦስት ንብርብር ያለው ከረጢት ነቀዝን ያስቆማል። ዋጋውም ለገበሬ የሚደረስበት ነው። ማኅበሩ ለገበሬው በጥር የተወሰነ ገንዘብ በቅድሚያ ቢሰጠው፣ እህሉን እስከ ሰኔ ማቆየት ይችላል። ይህን የምናደርግባቸው ቀበሌዎች አሉ። ጥቂት ናቸው። ወጣት የልማት ሠራተኞች ስለ አቮካዶም ሆነ ስለ ሽንኩርት ሲያወሩኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የአያን ጥያቄ ነው። አንዳንዶቹ ያኔ እኔ የመለስኩትን ይመልሱልኛል፣ ቃል በቃል። ያኔ ቁጭ አድርጌ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ ቀበሌ ልዛወር ስል አያን ልሰናበት ሄድኩ። አራቱም ቃዳ ጤፍና ዳጉሳ ሆኗል። በቆሎው ከጓሮ ብቻ። ባለቤታቸው እንደ ወትሮው እንጀራ አቀረቡልኝ። በላሁ። ስወጣ ጊደሯን አየኋት። አድጋለች፣ ከብዳለች። የታሰረችበት ገመድ ላይ በየ30 ሳንቲሜትሩ ቋጠሮ አለ።