«ዋሽንግተን ነኝ» የሚላችሁ ሰው የት ያድራል?

ለገና ደብረ ብርሃን ገብቼ ነበር። የአክስቴ ልጅ ፕሮሰሱ አልቆ ቪዛ ሊመታለት ስለሆነ ቤቱ በሙሉ በሱ ወሬ ተይዟል። ከአቦል ወደ ቶና ስንሻገር ጠጋ አለኝና «ለኔ ከዋይት ሀውስ ብዙ የማይርቅ ክፍል ፈልግልኝ፤ ጠባብም ብትሆን ግድ የለም» አለኝ።

ሳቄ መጣ። እኔ ራሴ የማድረው ከዋይት ሀውስ ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ርቄ ነው። ይህን ስናገር አክስቴ ጀበናውን አስቀመጡና «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ዋሽንግተን ነኝ ስትለን የኖርከው ምንድን ነው?» አሉ።

«ውድብሪጅ ብልዎት ማን ያውቃታል እትዬ? ሰንዳፋ የሚያድር ሰውም እኮ ለመንዝ ዘመዱ አዲስ አበባ ነኝ ነው የሚለው።»

አልተዋጠላቸውም። የአክስቴ ልጅ ግን ይባስ ብሎ «ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ሰንዳፋ መኖር ምን ይባላል?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በሥላሴ ስም፣ ያን ቀን መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። አሁን ልስጠው።

ለሰሜን ሸዋ ሰው በሚገባው መንገድ ልጀምር። ዲሲን አዲስ አበባ በሏት። ቨርጂኒያ ያለችው የኔዋ ውድብሪጅ ሰንዳፋ ላይ ትውላለች። ፍሬድሪክስበርግ ሸኖ ናት። ማርቲንስበርግ የምትባል ደግሞ አለች፤ ሌላ ስቴት ውስጥ፣ ዌስት ቨርጂኒያ። እሷ ጫጫን አልፋችሁ ደብረ ብርሃን ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ ማለት ናት። እዚያ እያደረ በጠዋት ባቡር ዲሲ ሥራ የሚገባ ሰው አለ። እኛ ዘንድ ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ያለው የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሰኞ ሄዶ ዓርብ ይመለሳል። እነሱ ግን በየቀኑ ነው የሚመላለሱት።

የሚያመላልሰው ኪራይ ነው። ድሮ የኛ ሰው አዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ላይ ነበር። ቀጥሎ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ ሆነ። አሁን እዚያ ሄዶ ክትፎ መብላት ይቻላል፤ ማደር ግን የሌላ ሰው ኪስ ይጠይቃል። ኪራዩ ሲሰቀል ሰዉ ሜሪላንድ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ወጣ። እዚያም ሲወደድ ወደ ውድብሪጅና ወደ ማናሳስ ገፋ። እኔ ስደርስ የተቀበለኝ ወዳጄ ውድብሪጅ ነበርና ውድብሪጅ ቀረሁ። አብዛኞቻችን ሰፈር የምንመርጠው እንዲህ ነው። ኤርፖርት የተቀበለን ሰው የት እንደሚኖር ነው የሚወስነው።

የመጀመሪያ ቤቴ የአገራችን ሰዎች ቤዝመንት፣ ከቤታቸው ሥር ያለ ምድር ቤት ነበር። ደጎች ናቸው። ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሽንኩርት ማቁላላት ክልክል ነው። ሽታው ምንጣፍ ውስጥ ይገባል፣ ቤቱ ሲሸጥ ዋጋ ያወርዳል አሉኝ። የሸዋ ሰው ቤት ተከራይቼ ወጥ የምበላው ከሬስቶራንት ሆነ። ፈረንጅ እንዲህ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዘረኝነት ነው ብዬ አገር አስጨንቅ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ዲሲ መሀል፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። የሰው መኪና ሳቆም እውላለሁ፤ ያኔ የራሴ መኪና አልነበረኝም። ጠዋት እንዴት ነው የምሄደው ስል ወዳጄ ሰልፍ ያለበት ቦታ አሳየኝ። «ቁም፣ መኪና ይመጣል፣ ግባ» አለኝ። ከዚህ በላይ አላብራራልኝም። የኛ ሰው ደግሞ ሲመክር እንዲህ ነው፤ የሚያዋርድህን ነገር ራስህ እንድትደርስበት ይተውልሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ዲሲ በሚወስደው 95 መንገድ መሀል ላይ ኤክስፕረስ ሌን የሚባል ፈጣን መስመር አለ። መኪናው ውስጥ ሦስት ሰው ካለ ነጻ ነው። ከሦስት ካነሰ ይከፈላል፤ ክፍያውም መንገዱ በተጨናነቀ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ብቻውን የሚነዳ ሰው ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ መኪና ያስፈልገዋል። ሁለቱ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ስላግ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፤ መንግሥት አላቋቋመውም፣ ድርጅት አይመራውም። ወያላ የለም፣ ተራ አስከባሪ የለም፣ ሂሳብ የለም። ሾፌሩ መስኮት ዝቅ አድርጎ መድረሻውን ይጠራል፣ «ፔንታጎን» ይላል፤ ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ይገባሉ። በቃ። ያለ ደላላ እንዲህ የተስተካከለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጥር ነበር። ሰዉ እስከ ዓይኑ ተጀቡኗል፤ እኔ በሹራብ ቆሜያለሁ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ያሳደገው ሰው የቨርጂኒያን ብርድ አይፈራም። (የሐምሌው ወበቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አታንሱብኝ።) ተራዬ ደረሰ። ፊት ወንበር ላይ አንዲት ሴት ገባች፣ እኔ ከኋላ። በሩን ስዘጋ ሾፌሩ መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሳጥን ቁልፍ ገፋ አደረገ። ቀጭ አለች። ኢዚ ፓስ ፍሌክስ ናት፤ ሦስት ሆነናል፣ አታስከፍሉኝ ማለቱ ነው። ያኔ አላወቅሁም።

«ጉድ ሞርኒንግ» አልኩ። ዝም። አልሰሙ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሴትዮዋ ጭንቅላቷን ነቅነቅ አደረገች። ሰው መኪና ውስጥ በነጻ ተቀምጦ ዝም ማለት ለኔ ነውር ነው። ስሙን ጠየቅሁት። በአጭሩ ነገረኝ። ልጆች አሉህ ወይ አልኩት። ሬድዮኑን ከፍ አደረገው። እኔ ሬድዮ የሚወድ ሰው መሰለኝ። ከኪሴ እናቴ የላከችውን የገብስ ቆሎ አወጣሁ። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት የሚገባው ዓይነት አይደለም፤ የቤት ነው፣ ኑግና ሱፍ ያለበት። በሁለቱ ወንበር መሀል እጄን ዘርግቼ «ቅመሱ» አልኩ። ሴትዮዋ እጄን አየችው፣ ቆሎውን አየችው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሾፌሩ ጨርሶ አላየውም። እጄ እንደተዘረጋ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። መልሼ ስሰበስበው ግማሹ የሰውዬው ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ።

ይህም ሳያንስ ፔንታጎን ስንደርስ አምስት ዶላር አውጥቼ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት። እምቢ ሲል ለይሉኝታ መስሎኝ «ያዝ እንጂ!» ብዬ ኪሱ ልከትለት ታገልኩ። ሰውዬው መኪናውን አቆመና ዞሮ «እኔ ታክሲ አይደለሁም» አለኝ። መስኮቱ ክፍት ነው። አጠገባችን የወረዱት ሁሉ ሰሙ። አንዱ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል ሜትሮው፣ የከተማው ባቡር ውስጥ ገባሁ።

ሕጉን በኋላ አወቅሁ። ገንዘብ አይሰጥም፣ ስጦታ አይሰጥም። ተሳፋሪ ወሬ አይጀምርም፤ ሾፌሩ ካወራ ይመልሳል። ሬድዮው የሾፌሩ ነው። መስኮት ሳያስፈቅዱ አይከፈትም። ስልክ አይወራም። ስትወርድ አመሰግናለሁ ብለህ በሩን ትዘጋለህ። ለካ ሰውዬው የፈለገው እኔን አይደለም፣ ቁጥሬን ነው። ሦስተኛ ሆኜ ነው የተጫንኩት።

ደብረ ብርሃን ይህን ሳወራ ሁሉም «አቤት ጭካኔ!» አሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበርኩ። ግን እውነቱን እናውራ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሚኒባስ ስትሳፈር ጫጫ ሳትደርስ የማን ልጅ እንደሆንክ ተጣርቷል። ሸኖ ላይ ደመወዝህ ተጠይቋል። ሰንዳፋ ስትደርስ ለምን እስካሁን እንዳላገባህ አራት ሰው ተወያይቶበታል። ያ ፍቅር ነው፣ አልካድኩም፤ ግን እንቅልፍ ሳትጠግብ ተነሥተህ አንድ ሰዓት መተኛት ስትፈልግ የፈረንጁ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ስገባ ማንንም አላናግርም። ፔንታጎን ነው የምነቃው።

የሚያሳስበኝ ውርደቱ አይደለም። እሱ ያልፋል። ለሚመጣው ሰው መንገር የምፈልገው ሌላ ነው። እነዚያ ሩቅ ሰፈሮች ርካሽ የሚሆኑት ለቢሮ ሰው ነው።

ቪ.አር.ኢ. የሚባለው የቨርጂኒያ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አለ። አንዱ መስመር ከማናሳስ በኩል፣ ሌላው ከፍሬድሪክስበርግ በኩል ዩኒየን ስቴሽን ይገባል። ምቹ ነው፣ ንጹሕ ነው። ግን በዋናነት ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ከከተማ ነው የሚሄደው። ቅዳሜና እሁድ የለም። ከማርቲንስበርግ የሚመጣው የሜሪላንዱ ባቡርም ያው ነው፤ ቅዳሜና እሁድ አይሠራም። ስላጉም ማታ ሥራ መውጫው ካለፈ ይበተናል፤ ኮቪድ ጊዜ ደግሞ የቢሮ ሰው ቤቱ ሲቀር ሰልፉም አብሮ ጠፋ። እኛ መቼ ነው የምንሠራው? ቅዳሜ። እሁድ። ሌሊት። ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ፓርኪንግ፣ ኤርፖርት። ባቡሩ የተሠራው እኛ ለምናጸዳለት ቢሮ ባለቤት ነው።

ስለዚህ መኪና ትገዛለህ። መኪናው ኢንሹራንስ አለው፣ ዲሲ ውስጥ ማቆሚያ አለው፣ ቸኩለህ ብቻህን ኤክስፕረስ ሌን ከገባህም ክፍያ አለው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2017 ላይ ወደ ዲሲ የሚገባው የሌላው መንገድ፣ የ66 ክፍያ ሲጀመር፣ 16 ኪሎ ሜትር ለምታህል መንገድ 40 ዶላር የደረሰበት ጠዋት ነበር። ከዚያ ደግሞ ለማንም የማይነገር ነገር ይመጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪናህ በዋጋዋ ልክ በየዓመቱ ለካውንቲው፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ግብር ትከፍላለች፤ ቆማም ብትውል። ዲሲና ሜሪላንድ ይህ የለም። የመጀመሪያው ወረቀት ሲመጣልኝ አጭበርባሪ የላከው መስሎኝ ነበር። አባቴ ለርስቱ ከፍሏል እንጂ ለሚያርስበት በሬ ተጠይቆ አያውቅም። ካውንቲው ግን ቀልድ አያውቅም። ከኪራይ ያተረፍኳት ብር በዚያ በኩል ገብታ በዚህ በኩል ስትወጣ አየኋት።

ሌላም አለ፣ ለቅሶ። ፖቶማክ ወንዝ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን ይለያል፤ ከውድብሪጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ ዞረህ ድልድይ ላይ መቆም አለብህ። ማታ ከሥራ በኋላ ለቅሶ ልድረስ ብለህ ስትነሣ ደራሾቹ ተበትነው ትደርሳለህ። የቨርጂኒያ ሀበሻ የሜሪላንዱን ሀበሻ ይወቅሳል፣ እሱም መልሶ ይወቅሳል፤ ሁለቱም ድልድዩ ላይ ቆመው ነው።

ለአክስቴ ልጅ የምመልስለት ይህን ነው። ዋይት ሀውስን ተወው፤ እዚያ አካባቢ ማታ ሰው የለም። መጀመሪያ ሥራው የት ሊሆን እንደሚችል እይ። ኤርፖርት ከሆነ፣ ብዙ ልጆቻችን ደግሞ እዚያ ናቸው፣ ከነጭራሹ ዲሲ አያስፈልግህም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሜትሮው ሲልቨር መስመር ደለስ ኤርፖርት ይገባል፤ ሄርንደን ተከራይተህ ከከተማው ሰው በተቃራኒ ትሄዳለህ። ሥራው ዲሲ ከሆነ የሜትሮ መጨረሻ ጣቢያዎችን ተመልከት። ግሌንሞንት፣ ግሪንቤልት፣ ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ። ሜትሮ ቅዳሜና እሁድም ይሠራል፣ ማታም እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ታገኘዋለህ። ኪራዩ ከኔ ሰፈር ይበልጣል። ይብለጥ። ያለ መኪና ሁለት ዓመት መኖር ከቻልክ ለእናትህ ጣራ ታስቀይራለህ።

ዘመድ «ቅርብ ነው፣ ሠላሳ ደቂቃ ነው» ካለህ በስንት ሰዓት የተለካ ሠላሳ ደቂቃ እንደሆነ ጠይቀው። የኛ ሰው መንገድ የሚለካው እሁድ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነው። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እስኪ ሞክረው በለው።

የዓመት ውል አትፈርም። ለመጀመሪያው ጊዜ በወር በወር የሚከራይ ክፍል ያዝ፤ ሥራህ ሲቀየር ሰፈርህም ይቀየራል። አፓርትመንት ከሆነ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለቤቱ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መያዣ መጠየቅ አይችልም፤ ስትገባ ግድግዳውንና ምንጣፉን በስልክህ አንሣ፣ ስትወጣ ያከራክርሃል። ቤዝመንት ከሆነ መስኮቱን እይ። እሳት ቢነሣ ሰው የማያስወጣ መስኮት ካለው ቅናሹ ምንም ቢያጓጓህ ተወው። ሽንኩርት ማቁላላት ይፈቀድ እንደሆነም ሳትፈርም ጠይቅ፤ ሀበሻ ናቸው ብለህ አትዘናጋ።