«እሱን ተዉት፣ ያጠናል»

ያደኩት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰቃይ ነበርኩ። ጉራ እንዳይመስልባችሁ፣ ሰፈር ውስጥ ስሜ ራሱ «ሰቃዩ» ነበር፣ እውነተኛ ስሜን የማያውቁ ልጆች ሁሉ ነበሩ። በ2009 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከ700 ስንት እንዳመጣሁ እኔ ከማየቴ በፊት ባለሱቁ ነው የነገረኝ (ማን እንደነገረው እስካሁን አልገባኝም)።

ሰቃይ ብቻውን የሚሆነው የሚያስበው ነገር ለሌላው ስለማይገባ ነው ይባላል፣ እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ዞር ብዬ ሳየው ግን እኔን ከሰው የለየኝ አለመላኬ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ያውቀዋል፣ ልጅ ከሆንክ የሰፈሩ ሁሉ ተላላኪ ነህ፣ ከሰል ግዛ፣ ጋሼን ጥራልኝ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ያዝልኝ። ሌሎቹ እያማረሩ ይሄዳሉ፣ መንገድ ላይ ይደባደባሉ፣ በመልሱ ከረሜላ ገዝተው ይገረፋሉ፣ እንደዛ እንደዛ እያሉ ጓደኛ ይሆናሉ። እኔ ጋ ሲደርስ የግቢያችን እትዬ በራቸው ላይ ቆመው «እሱን ተዉት፣ ያጠናል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ክብር መስሎኝ! ፈተና ሲደርስ ሁሉም ዎርክሺት ይዞ ይመጣል፣ ፈተናው ባለቀ ማግስት ኳስ ሊጫወቱ ሲከፋፈሉ የሚመርጠኝ የለም።

አራት ኪሎ ሂሳብ ገባሁና ባሰብኝ። ግሪጎሪ ፔሬልማንን ያገኘሁት ያኔ ነው፣ የፖንካሬ ኮንጀክቸር የሚባለውን ከባድ የሂሳብ ጥያቄ የፈታው ሩሲያዊ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ፊልድስ ሜዳልያ የሚባለውን ትልቅ የሂሳብ ሽልማት፣ በ2010 ደግሞ ለዚሁ ሥራው የተሸለመውን አንድ ሚሊዮን ዶላር አልፈልግም ያለው። ፎቶውን የቴሌግራም ፕሮፋይሌ አደረኩት። እሱ ያን ሁሉ ንቆ ከሰው ርቆ ከኖረ እኔስ ምን አጣሁ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ልዩነታችን፣ እኔን ማንም ሚሊዮን ዶላር አልሰጠኝም።

በ2014 አንድ ቅዳሜ ስልኬን ሳየው ሳምንቱን ሙሉ የደወለችልኝ እናቴ ብቻ ናት፣ ሜሴጅ የላከልኝ ደግሞ ቴሌ። ከዛ ነው አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ያልኩት።

መጀመሪያ መጋበዝ ጀመርኩ፣ የሰፈር ልጆችን ቶሞካ እየወሰድኩ ማኪያቶ። ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ይሄዳሉ። ቀጥሎ ለታናናሾቻቸው በነጻ ቲቶሪያል ልስጥ አልኩ፣ እሱ ጭራሽ ባሰ፣ እነሱ ተቀምጠው እኔ እንደገና ብላክቦርዱ ጋ ብቻዬን ቆሜ።

የተሳካው ሳላስበው ነው። ጎረቤት ሞቶ ድንኳን ሲተከል ዳር ቆሜ አያለሁ፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ከኋላዬ «ያዝ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!» ብሎ ጮኸብኝ። ዞር ስል «ውይ አንተ ነህ እንዴ፣ ተወው» አለ። አልተውም ብዬ ጫፉን ያዝኩ። ወደኋላ እየሄድኩ ነበርና ቱቦ ውስጥ አንድ እግሬን ዘፍ፣ ሚስማሩ ሱሪዬን ከጉልበቴ በታች ተረተረው። ለቅሶ ቤት ስለሆነ አፋቸውን ይዘው ነው የሳቁት፣ አንዱ ቀስ ብሎ «ከ700 ስንት ነበር ያመጣኸው?» አለኝ። በእኔ ተሳቀብኝ እንጂ ከእነሱ ጋር የሳቅኩት የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አደርኩ። ካርታ ሲጫወቱ የወጣውን ሁሉ ሳልፈልግ ስለምይዘው አሸንፋቸዋለሁ፣ እንዳይጠሉኝ ብዬ ሆን ብዬ መሸነፍ ጀመርኩ። ነቁብኝ። ያኔ ነው በደንብ የተቆጡኝ፣ «እየናቅከን ነው?» አሉኝ። ትልቁን ነገር የተማርኩት እዛ ጋ ይመስለኛል፣ ያለህን መደበቅም ሰው መናቅ ነው፣ አሸንፍና ስትሰደብ ስማ። ደግሞ ጆተኒ አለ አይደል፣ እሱ ላይ 10 ለ 0 ነው የሚበሉኝ፣ አንግሉን አስልቼ እስክመታ ኳሷ ከኋላዬ ጎል ገብታለች። ከዛ በኋላ ሥራ ያለበት ቦታ ሳልጠራ መሄድ ለመድኩ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ዕቃ ማውጣት። አፌንም ትንሽ ያዝኩ፣ ሰው ቁጥር ሲሳሳት የማረም አመል ነበረብኝ፣ አሁንም ያሳክከኛል።

የፔሬልማንን ፎቶ አነሳሁት፣ ጠልቼው ግን አይደለም። ገንዘቡን ሲተው ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ጥያቄው የተፈታበትን መንገድ የጀመረው አሜሪካዊው የሂሳብ ሊቅ የሪቻርድ ሃሚልተን ድርሻ ከኔ አያንስም የሚል ነበር፣ ውሳኔው ፍትሃዊ አይደለም ብሎ። ያንን ድሮም አንብቤው ነበር እኮ፣ ግን ዓይኔ የሚሊዮኑና የብቸኝነቱ ላይ ብቻ ነበር።

በ2016 ሰፈራችን ፈረሰ። ሁሉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፣ እትዬ አያት ደረሳቸው። ያለፈው ሳምንት ደወሉ፣ «መርካቶ ሄደህ ሩብ ኪሎ ኮረሪማ ይዘህልኝ ና»። በሁለት ታክሲ አድርሼ ሰጠኋቸው። አንዷን ሰብረው አሸተቱና «ይሄ የዓምና ነው፣ ሂሳብ ተማረ ብለው ሸወዱህ፣ መልሰህ ውሰድ» አሉ። ላስቲኩ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ እመልሰዋለሁ።