በጉንጬ ቆዳ የተጠገነው የሽንት ቧንቧዬ

እኛ ወንዶች ይህን ጉዳይ አፍነን ነው የምንይዘው። የሽንት ቧንቧ ጥበት ያለበት ሰው ለሚስቱ እንኳ ለመናገር ያፍራል። እኔም ኮምቦልቻ ውስጥ እንደኔ ታሞ የዳነ ሰው አፈላልጌ ለማግኘት ብዙ ደክሜያለሁ። ስለዚህ ያለፍኩበትን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጌ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ጭኔ ተሰብሮ ሆስፒታል ስተኛ የሽንት ቱቦ ገባልኝ። ሲገባ በጣም አመመኝ፤ ደምም ወጣ። እግሬ ዳነ። ወራት ቆይቶ ግን ሽንቴ መቅጠን ጀመረ። ከዚያ ሁለት ቦታ እየተከፈለ ይወርዳል። ካላማጥኩ አይወጣም። ጨረስኩ ብዬ ሱሪዬን ስቆልፍ ደግሞ ይንጠባጠባል።

መንገድ ላይ መከራ ነው። ረዳቴ ሸንቶ፣ ጎማ አይቶ፣ ጋቢና ገብቶ ሲጠብቀኝ እኔ ገና ቁጥቋጦ ሥር ቆሜያለሁ። ይህን ጣጣ በመፍራት ውሃ መጠጣት ቀነስኩ። በሚሌ ሙቀት ውሃ መቀነስ ምን እንደሚያመጣ ሹፌር ያውቀዋል። ሽንቴ እየደፈረሰ፣ እያቃጠለ፣ ትኩሳት እያስነሳ ኢንፌክሽኑ ተመላለሰብኝ።

መጀመሪያ የተደረገልኝ በብረት ማስፋት ነው። ለጥቂት ሳምንታት እፎይ እላለሁ፤ ከዚያ ይመለሳል። ቀጥሎ በካሜራ እያዩ ውስጡን ቆረጡልኝ። እሱም ከረመና ተመለሰ። ነገሩን ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ደሴ ላይ ያየኝ ሐኪም ነው። ጥበቱ ጠባሳ ነው። ጠባሳ ሲሰነጠቅ የሚድነው መልሶ በጠባሳ ነው። የጥበቱ ርዝመት ከ2 ሳንቲ ሜትር ካነሰና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ መቁረጡ ሊበቃ ይችላል። አንዴ ከተመለሰ በኋላ እየደጋገሙ መቁረጥና ማስፋት ግን ጠባሳውን ያረዝመዋል እንጂ አያድንም። «አብሽር ወንድሜ፣ መድኃኒት አለው፤ ግን ከእንግዲህ ማስፋት ይብቃህ» አለኝ።

ከዚያ ፊልም አዘዘ። በብልት ጫፍ በኩል በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ እያስገቡ በጎን አስተኝተው ያነሱሃል። ትንሽ ያቃጥላል እንጂ የሚፈራ አይደለም። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ፈሳሹ ሰፍቶ ሲመጣ ይቆይና ድንገት ይቀጥናል፤ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥኖ እንደገና ይሰፋል። በጣቱ እየተከተለ «ይቺ ናት» አለኝ። እኔ በበኩሌ ያለዚህ ፊልም ማንም እንዲነካኝ አልፈቅድም፤ ሌላውም እንዳይፈቅድ እመክራለሁ። የጥበቱ ቦታና ርዝመት ሳይታወቅ የትኛው ሕክምና እንደሚሻል ማንም ሊናገር አይችልም።

ሪፈር ተጽፎልኝ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከኦፕሬሽኑ በፊት ቧንቧው ማረፍ አለበት ተባለና ከእምብርቴ ሥር በሆዴ በኩል ወደ ፊኛዬ ቱቦ ገባልኝ። ይህ እረፍት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ጠባሳው ረግቶ ትክክለኛ ርዝመቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሰው ይሰለቸዋል፤ ግን መታለፍ የለበትም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አስደነገጠኝ። ቀዶ ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየና «ጫት ትቅማለህ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «በየትኛው ጉንጭህ ነው የምትይዘው?» በግራ። «እንግዲያው ከቀኙ እንወስዳለን፤ እስከዚያ ግን ጫቱንም ሲጋራውንም ተው፤ ጥርስህን በደንብ ቦርሽ።» ለካ ለጥገናው የሚወሰደው የጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ፀጉር የለውም፣ እርጥበት የለመደ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የተወሰደበት ቦታም ቶሎ ይድናል። ዘዴው የትናንት ሙከራ አይደለም፤ ሀምቢ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በፈረንጆች 1941 ጽፎበታል፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮም በዓለም ተስፋፍቷል። ጫት የሚቅም የወሎ ልጅ ሁሉ ይህን ይወቅልኝ፤ የተጎዳ ጉንጭ ጥሩ መጠገኛ አይሆንም።

ኦፕሬሽኑ ሰዓታት ወስዷል። በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ከፍተው፣ የጠበበውን ቦታ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ከጉንጬ በወሰዱት ቁራጭ አሰፉት። ቁራጩ ሲለጠፍ የራሱ የደም ሥር የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያህል የሚቆየው ከተለጠፈበት ሥጋ እርጥበት እየጠጣ ነው፤ አዲስ መሬት እንደተዛወረ ችግኝ። ከዚያ የደም ሥር ይገባበታል። ለዚህ ነው ከሥሩ ጋር አጣብቀው በብዙ ቦታ የሚሰፉት፤ ለዚህ ነው አትንቀሳቀስ የሚሉህም።

ከታች ያለው ቁስል ያሠቃየኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያስቸገረኝ ግን አፌ ነው። አጥሚትና የቀዘቀዘ ሾርባ በቀስታ ጠጣሁ፤ በርበሬ የነካው ወጥ አይታሰብም። በታዘዘልኝ መድኃኒት እጉመጠመጥ ነበር። አፌን በሰፊው ስከፍት ለተወሰነ ጊዜ ይይዘኝ ነበር፤ አሁን የለም።

ቱቦ ይዤ ኮምቦልቻ መመለስ አልፈለግኩም። ያን ሁሉ መንገድ በቁስል ላይ ተቀምጦ መሄድ አይሆንም። እህቴ ቤት ቆየሁ። ቱቦው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ከመውጣቱ በፊትም ፈሳሽ አስገብተው በኤክስሬይ የሚያፈስ ቦታ መኖሩን ያያሉ። አቅም ያለው በአቅሙ፣ የሌለውም ዘመድ ለምኖ፣ ሐኪሙ አጠገብ ይቆይ።

ሶላቴ አስጨንቆኝ ነበር። የሽንት ከረጢት አንጠልጥዬ እንዴት እሰግዳለሁ? የሰፈራችንን ሼህ ስልክ ደውዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ሽንቱን መያዝ ያልቻለ ሰው ወቅቱ ሲገባ ለየሶላቱ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል። አላህ ከአቅምህ በላይ አልጠየቀህም» አሉኝ። በዚህ ምክንያት ሕክምናውን የሚያዘገይ ሰው ስለማውቅ ነው የጻፍኩት።

ቱቦው የወጣ ዕለት የወረደውን ሽንት ድምፁን ስሰማ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ነርሷ በመለኪያ ማሽን ስታየው በሰከንድ ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ነበር፤ ጤነኛ የሚባለው እዚያ አካባቢ ነው። አሁንም ከጨረስኩ በኋላ ትንሽ ጠብታ ይቀራል። ከቆለጤ ኋላ በጣቴ ወደ ፊት ገፋ ሳደርገው ይወጣል። ከሚስቴ ጋር ስድስት ሳምንት ያህል ተለያይተን እንድንቆይ ታዘናል፤ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ኋላ ከመጠራጠር ያድናል። ወደ መሪ የተመለስኩት ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ ብቻ ነው፤ ሞተርና ብስክሌት ደግሞ ለወራት ክልክል ነው።

እንዲህ ያለው ጥገና ከ10 ሰው ከ8 በላይ ለሚሆነው ይሠራል፤ ጥበቱ ግን ቆይቶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በቀጠሮዬ ቀን ጅቡቲ ጭነት ቢኖርም አልሄድም። የምርመራ ወረቀቶቼንና ፊልሞቼን በአንድ ፌስታል አድርጌ ጋቢና ውስጥ አስቀምጣለሁ። ረዳቴም ያውቃል፤ ነገ መንገድ ላይ ራሴን ስቼ ሆስፒታል ብገባና ማንም ሰው የሽንት ቱቦ ሊያስገባልኝ ቢነሳ፣ መጀመሪያ የሚነግራቸው ቧንቧዬ የተጠገነ መሆኑን ነው።