ከ«ጫን» በፊት ያለው ጥያቄ

እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም አለ፤ ኡቡንቱ አንዱ ዓይነቱ ነው። ኡቡንቱን መሠረት ያደረገ አንድ ሲስተም ደግሞ አለ። ፕሮግራም ተፈልጎ የሚጫንበትን የሶፍትዌር ስቶሩን ዲዛይን እንደ አዲስ የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮዱን የጻፉት ሌሎች ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ገጾቹ፣ ቁልፎቹና ጽሑፉ ነበሩ። ስንጀምር ወሬው ሁሉ ስለ መግቢያው ገጽ ነበር፦ ትልልቅ ባነር፣ «የሳምንቱ ምርጥ» ምናምን። እኔ ግን መጀመሪያ ለሊኑክስ አዲስ የሆኑ ሰዎች አጠገብ ተቀምጬ ሲጠቀሙ ማየት ፈለግኩ። ምንም ሳልናገር። (ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ እጅ ሳይታወቅ ወደ ማውሱ ይሄዳል።)

ባነሩን ዞር ብሎ ያየው የለም። ሰው ስቶር የሚገባው ጉዳይ ይዞ ነው። ቀጥታ መፈለጊያው ላይ «ወርድ» ወይም «ፎቶሾፕ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። የድሮው ስቶር «ምንም አልተገኘም» ብሎ ያሰናብተው ነበር። አዲሱ በወርድ ፈንታ ሊብሬኦፊስ ራይተርን፣ በፎቶሾፕ ፈንታ ጊምፕን ያቀርባል፤ ከሥሩም «ይህን ሥራ የሚሠራልዎት ይኸውና» ይላል። በአማርኛ ለሚፈልግ ደግሞ «ሰ»ንና «ሠ»ን፣ «አ»ንና «ዐ»ን ከነዘሮቻቸው አንድ አድርጎ እንዲያይ አደረግን። «ስእል» ብሎ የጻፈ ሰው «ሥዕል»ን ማጣት የለበትም።

ቀጥሎ የመጣው የድግግሞሽ ጉዳይ ነው። ኡቡንቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ከ9.10 ጋር ሶፍትዌር ሴንተር የተባለውን ስቶሩን ሲያመጣ ፕሮግራሞቹ የሚመጡት ዴብ በሚባል የፓኬጅ ዓይነት ነበር። ኋላ ስናፕና ፍላትፓክ የሚባሉ ሌሎች የፓኬጅ ዓይነቶች ተጨመሩ። እኛ ጋ የቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን የፈለገ ሰው ሦስት ቪኤልሲ ተደርድሮ ያገኝ ነበር። «የቱ ነው ትክክለኛው?» ሲሉኝ መልሱ ሁሉም ነው፤ ግን ይህን ማን ያምናል? አንድ ገጽ አደረግነው። ምንጩን መቀየር የፈለገ ከታች ይመርጣል።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ግን «ጫን» የሚለው ቁልፍ ነው። ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። «ስንት ሜጋ ይበላል?» አዲስ አበባ ውስጥ የኢንተርኔት ፓኬጅ ገዝቶ ኮምፒውተሩን በስልኩ ሆትስፖት ለሚያገናኝ ሰው ይህ የብር ጥያቄ ነው። ፍላትፓክ ላይ ነገሩ ይብሳል። አፑ ራሱ ጥቂት ሜጋባይት ይሆንና የሚሠራበት ራንታይም (አፖች የሚጋሩት መሠረት) ማሽኑ ላይ ከሌለ አብሮ ይወርዳል፤ እሱ ደግሞ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ አፕ ያንኑ ራንታይም የሚጠቀም ከሆነ ድጋሚ አይወርድም። ስለዚህ ቁልፉ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አስቀመጥን፦ አሁን፣ እዚህ ማሽን ላይ፣ በጠቅላላ የሚወርደውን። ዴቨሎፐሮቹ «ቁጥሩ ሰው ያስደነግጣል» ብለው ተከራከሩኝ። ይደንግጥ! ዳታው ካለቀ በኋላ ከሚደነግጥ አሁን ይሻለዋል።

ቁልፉ ከተነካ በኋላም ጣጣ አለ። ዴብ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ተፈትቶ ይጫናል። የድሮው ስቶር ሁለቱንም በአንድ መስመር ስለሚያሳይ መስመሩ መጨረሻው አካባቢ ቀጥ ይላል። ተጠቃሚው «ደረቀ» ብሎ ማሽኑን ያጠፋል። መሃል ላይ የተቋረጠ ጭነት ደግሞ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ተከፍቶ ትዕዛዝ ካልተጻፈለት ሌላ ፓኬጅ አላስጭን ሊል ይችላል። አሁን «እየወረደ ነው» እና «እየተጫነ ነው፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ተለያይተዋል። መብራት ከሄደም ስቶሩ ሲከፈት «ያልተጠናቀቀ ጭነት አለ፣ ልቀጥል?» ይላል። ይህቺን ለማሠራት ብዙ ለምኛለሁ።

ያልፈታነው የተጠቃሚዎች አስተያየት ነው። አንድ ሰው በድሮ ቨርሽን ተናዶ አንድ ኮከብ ይሰጣል። ችግሩ ከተስተካከለ ቆይቷል፤ ኮከቡ ግን ዛሬም አፑን ይጎትተዋል። ለጊዜው እያንዳንዱን አስተያየት ከቨርሽኑ ቁጥር ጋር እያሳየን ነው። የድሮው ነጥብ ከአማካዩ ይውጣ ወይስ ይቆይ በሚለው ግን እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ይውጣ ባይ ነኝ።